የማርክ ፊድሪች ትከሻ

ዛሬ እረፍት ስለነበርኩ አንድ የድሮ የቤዝቦል ጨዋታ ከፍቼ አየሁ። ጁን 28 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.፣ ዲትሮይት ታይገርስ ከኒውዮርክ ያንኪስ። የታይገርስ ኳስ ወርዋሪ ማርክ ፊድሪች ገና የ21 ዓመት ልጅ ነው። እንዴት ደስ እንደሚል! የሚቆምበትን የአፈር ጉብታ ተንበርክኮ በእጁ ያስተካክላል። ከኳሱ ጋር ያወራል። ታይገርስ 5 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡ ግን እሱ ተመልሶ ካልወጣልን አንሄድም አለ።

በዚያ ዓመት 19 ጨዋታ አሸነፈ። ከጀመራቸው 29 ጨዋታዎች 24ቱን በሌላ ወርዋሪ ሳይቀየር ራሱ ወርውሮ ጨረሰ። ዛሬ ይሄ የማይታሰብ ነው። ከሁለቱ የአሜሪካ ትልልቅ የቤዝቦል ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ።

በ1977 መጀመሪያ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ቀጥሎ ክንዱ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ በትልቁ ሊግ ያሸነፈው 10 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2009 በማሳቹሴትስ እርሻው ላይ በአደጋ ሞተ፤ 54 ዓመቱ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? የትከሻው ጅማት መቀደዱ የታወቀው በ1985፣ መጫወት ካቆመ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እያመመው ወረወረ። ሰው "የአንድ ዓመት ኮከብ" ሲለው ችሎታው ያለቀበት ያስመስለዋል። አላለቀበትም፤ ታሞ ነው!