ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ በድሮ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ፦ አመራረጡ፣ ፍተሻውና ገጠማው

የግራፊክስ ካርድ ዋጋ የሚሰቀልበት ሰበብ ይለዋወጣል እንጂ መሰቀሉን አልተወም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ካርድ በሴፕቴምበር 2020 ሲወጣ የተተመነለት 699 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን አየር በአየር ነጋዴዎች ጠራርገው እየገዙ በእጥፍ ሲቸበችቡት ከረሙ። ያኔ ሰበቡ ኤቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚቆፍሩ (ማይኒንግ የሚሠሩ) ማይነሮችና የኮሮና ጊዜ የቺፕ እጥረት ነበር። አሁን ደግሞ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየተሻሙት ነው፤ ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ሲያቀርብ የቆየውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታውቋል። እኛ ዘንድ ምንዛሪው ይጨመርበታል። በ29 ጁላይ 2024 የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። 329 ዶላር የተተመነ ካርድ ትራንስፖርትና ቀረጥ ሳይቆጠር ከ19 ሺህ ብር አካባቢ ወደ 33 ሺህ ዘለለ ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ካርድ የሚለውን ሐሳብ ትቼ ያገለገለ የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ካርድ በዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ገጠምኩ። ኮምፒውተሩ ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተነቅለው በየሱቁ ከሚደረደሩት ነው፤ አይ7-4770 ፕሮሰሰርና 16 ጊጋ ራም ያለው፣ ታወር ቁመና ያለው። ቀጭኑን የኦፕቲፕሌክስ ዓይነት የያዘ ሰው ይህ አካሄድ አይሠራለትም፤ እሱ የሚችለው ቁመታቸው ያጠረና የራሳቸው የኃይል ገመድ የማይፈልጉ ካርዶችን፣ ለምሳሌ ባለ 75 ዋቱን ጂቲኤክስ 1650 ብቻ ነው።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቺፑን ነው። ቺፑ ግን ከሁሉም ዘግይቶ የሚሞት ክፍል ነው። ቀድመው የሚያረጁት ፋኑ፣ ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እና የሜሞሪው ሙቀት ማስተላለፊያ ፓዶች ናቸው። ቀድሞ የሚያቃጥለው ደግሞ የማይመጥን ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ገንዘቤንም ጊዜዬንም ያዋልኩት እዚያ ላይ ነው።

ለምን አርኤክስ 6600?

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አርኤክስ 580 ነው። አልመረጥኩትም። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ የነበረ ካርድ ስለሆነ ማይኒንግ ላይ ከዋለ ከአምስት ዓመት በላይ ሌት ተቀን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። 185 ዋት ይበላል፤ ኤኤምዲም መደበኛ የድራይቨር ማሻሻያውን አቁሞለታል። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ መሳል) በሃርድዌር ስለሌለው እንደ ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ ጌሞችን ጭራሽ አይከፍትም። ላይ ላዩን ሲያዩት 580 የሚመስል ግን 2304 መሆን የሚገባው የሼደር (የቺፑ ማስሊያ ክፍሎች) ቁጥር 2048 ብቻ የሆነ የቻይና ገበያ ስሪትም አለ።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ሌላው ወጥመድ ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ የተሠራውም ለፒሲአይ 4.0 (ለዚሁ ማገናኛ አራተኛ ትውልድ) ነው። እንደ 9020 ያለ 3.0 ቦርድ ላይ ሲቀመጥ የመተላለፊያው ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። 4 ጊጋ ሜሞሪው ሲሞላ ትርፉ በዚያ ጠባብ መንገድ ስለሚመላለስ ጌሙ ይንገጫገጫል። 6600 ስምንት መስመር አለው፤ በ3.0 ላይም የሚያጣው ጥቂት ነው።

አርኤክስ 6600 በኦክቶበር 2021 በ329 ዶላር ወጣ፤ 8 ጊጋ ሜሞሪ፣ 132 ዋት፣ አንድ ባለ ስምንት ፒን ገመድ። ኤቴሪየም በ15 ሴፕቴምበር 2022 የጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) ማይኒንግን ስላስቀረ፣ በዚህ ካርድ ኤቴሪየም የተቆፈረበት ቢሆን እንኳ ከ11 ወር ብዙም አያልፍም። ሻጩ የሚለውን ሳልሰማ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የማረጋግጠው ነገር በመሆኑ ይህን ስሌት እወደዋለሁ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የቢትኮይን ማይኒንግ ጣቢያዎች ግራፊክስ ካርድ ይረግፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቢትኮይን የሚቆፈረው ለዚያ ብቻ በተሠሩ አሲክ ማሽኖች ነው።

አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ 170 ዋት መሆኑን ግን አስቡበት።

ከመክፈሌ በፊት

በፍላሽ ይዤ የምሄደው የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ፣ ሙቀት የሚያነበውን ኤችደብሊውኢንፎ፣ ሜሞሪ የሚፈትሸውን ኦሲሲቲና ካርዱን በሙሉ ኃይል የሚያሠራውን ፈርማርክ ነው። ሻጩን ደግሞ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «ወንድሜ፣ እኔ እስክመጣ እንዳታበራው፤ ቀዝቃዛውን ነው ማየት የምፈልገው።» ምክንያቱም ከቺፑ ስር ያለው ብየዳ የተሰነጠቀበት ካርድ በሙቅ አየር ሲነፋ ለጥቂት ሳምንታት ይነሳል። እንዲህ ያለው ካርድ ሲቀዘቅዝ ወይም ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ ሲሸጋገር ነው ጉዱ የሚወጣው። በቺፑና በሜሞሪዎቹ ዙሪያ የደረቀ፣ የሚያብለጨልጭ የብየዳ ቅባት ካየሁ ድርድር አልጀምርም። ከፓዶቹ የወዛ ዘይት ግን አያስደነግጥም፤ ሲሊኮን ነው፣ በአልኮል ይጠረጋል።

ቀጥሎ የኃይል መሰኪያው ፕላስቲክ መቅለጡን ወይም መጥቆሩን፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው የወርቅ ጥርስ መፋቁን፣ ከጥርሱ ጫፍ ያለችው መንጠቆ አካባቢ ቦርዱ መሰንጠቁን አያለሁ። ከባድ ካርድ ሳይደገፍ ዓመታት ሲሠራ ወይም በሻንጣ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተገጠመ ሲጓጓዝ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ዘመድ ካርዱን ነቅሎ፣ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ በሚከላከል (አንቲስታቲክ) ከረጢት ጠቅልሎ፣ በልብስ መሃል እንዲያደርገው ንገሩት። ሙሉ ኮምፒውተር ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ መኖር አለመኖሩን ሳታዩ ወደ 220 ሶኬት እንዳትሰኩት፤ 115 ላይ ከሆነ ወዲያው ይፈነዳል።

ጂፒዩ-ዚ ላይ የሚነበበው 1792 ሼደር፣ 128 ቢት፣ 8 ጊጋ ጂዲዲአር6 መሆን አለበት። ባዮሱ (ካርዱ ላይ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። የመስመሩ ፍጥነት 1.1 ብሎ ቢያሳያችሁ አትደናገጡ፤ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ራሱን ያቀዘቅዛል። ከጎኑ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ ሙከራውን ስታስነሱ ትክክለኛው ይወጣል።

ከዚያ ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ፣ የኦሲሲቲን የሜሞሪ ፍተሻ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዙር። የሜሞሪ ፍተሻው አንድም ስህተት ቢያሳይ ካርዱ ይቅር፤ በጌም ጊዜ የሚታዩት ባለቀለም ነጠብጣቦችና የዳማ ሰሌዳ የሚመስሉ አራት ማዕዘኖች መነሻቸው ይኸው ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ፋኑ በሙሉ ኃይል የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ የካርዱ የኃይል ክፍል ወይም የፓወር ሰፕላዩ ነው፤ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ሳይሞከር አይፈረድም። በመጨረሻ እያንዳንዱን ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት በሞኒተር እሞክራለሁ፤ ካርዱ እንደሞቀ አጥፍቼም መልሼ አስነሳለሁ።

ሙቀቱን ሲያነቡ ከአማካዩ ቁጥር ይልቅ በጂፒዩውና በሆትስፖቱ (በጣም በሚሞቀው የቺፑ ነጥብ) መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። 15 ዲግሪ ገደማ ጤናማ ነው። ወደ 30 ከተጠጋ ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም፤ ይህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው፣ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ይስተካከላል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ገምጋሚዎች ከጻፉት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል ካርዱ ታሟል ማለት አይደለም፤ የክፍሉ ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሰዋል።

ፓወር ሰፕላይ

9020 ታወር ይዞት የሚመጣው 290 ዋት ሲሆን ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። ብዙ ሰው ከሳታ (የሃርድ ዲስክ ኃይል) ገመድ ወደ ባለ ስምንት ፒን የሚቀይር አዳፕተር ገዝቶ ይገላገላል። ሒሳቡ ይህን አይፈቅድም። አንድ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ካርዱ 132 ዋት ይፈልጋል፤ ማዘርቦርዱ የመጨረሻ አቅሙን 75 ዋት ቢሰጥ እንኳ 57 ይቀራል። በእውነተኛ ሥራ ማዘርቦርዱ ያን ያህል ስለማይሰጥ በገመዱ የሚያልፈው ከዚያም ይበዛል። የሚቀልጠው መሰኪያው ነው፤ አንዳንዴ እሳት ይዞ።

ያደረግሁት 550 ዋት መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ከ24 ፒን ወደ ዴሉ ባለ 8 ፒን በሚቀይር አዳፕተር ማገናኘት ነው። አዳፕተሩ የሚታዘዘው በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር ነው፤ የዴል ቦርዶች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ የላቸውም። የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ባለ 4 ፒን ስለሆነ ከ4+4 ገመድ ግማሹን ብቻ ሰካሁ። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ በጎኑ ያለው ሰንጠረዥ ላይ የ12 ቮልቱን አምፔር አንብቡ። 45 አምፔር ካለ 540 ዋት ነው፣ እውነት ነው። «500 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ ያለው 216 ዋት ብቻ ነው፤ በእጅ ሲያነሱትም ይቀላል።

ርዝመቱን ቀድሞ መለካት ግድ ነው። የሳፋየር ፐልስ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊጋባይት ኢግል ግን 28 ይደርሳል፣ እዚህ ኬዝ ውስጥ የሃርድ ዲስኩ ቤት ላይ ይጋጫል።

ጽዳትና ቅንብር

ካርዱን ከመፍታቴ በፊት አሥር ደቂቃ ሥራ ላይ አውለዋለሁ፤ ፔስቱ ሲለሰልስ ማቀዝቀዣው ሳይጎተት ትንሽ ግራ ቀኝ ሲሉት ይላቀቃል። በኃይል መጎተት ቺፑን ሊያነሳው ይችላል። የፋኑን ገመድ ከካርዱ ቦርድ መሰኪያው በጥፍር ወይም በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው የማወጣው፤ ገመዱን ይዞ መሳብ መሰኪያውን ይነቅላል። አሮጌው ፔስት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። የጂፒዩ ቺፕ ክዳን የለውም፤ ስለዚህ አዲሱን ፔስት እስከ ጥጎቹ በስሱ መቀባት ይሻላል፤ መሃል ላይ ጠብ አድርጎ መተው ለፕሮሰሰር ነው የሚሆነው።

ፓዶቹ ካልተቀደዱ አልነካቸውም። መቀየር ካለባቸው ውፍረታቸውን በካሊፐር፣ ባልተጨፈለቀው ጠርዝ በኩል እለካለሁ። በግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ ፓድ ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ያርቀዋል፤ ሜሞሪው ቀዝቅዞ ቺፑ ይጋያል። በመጨረሻ አራቱን የመሃል ብሎኖች በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ።

ድራይቨሩን ኢንተርኔት ነቅሎ፣ አሮጌውን በሴፍ ሞድ ዲዲዩ በተባለ የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም አጥፍቶ መጫን ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል፤ አለዚያ ዊንዶውስ በመሃል የራሱን ያስገባል። የፕሮሰሰሩን የራሱን ግራፊክስ ግን አትዝጉት፤ ካርዱ ምስል ሲነሳችሁ ሞኒተሩን ወደ ማዘርቦርዱ መሰኪያ አዙራችሁ ችግሩን ትፈልጋላችሁ። ዊንዶውስ 11 ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በ14 ኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ሊነክስ ላይ ይህ ካርድ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

ከዚያ ሙቀቱንና ፍጆታውን ለመቀነስ በኤኤምዲ አድሬናሊን ፕሮግራም ውስጥ የካርዱን ቮልቴጅ ከ1150 ሚሊ ቮልት ጀምሮ በ25 በ25 እየቀነሱ በየደረጃው ጌም መሞከር ነው። ጌሙ በራሱ ሲዘጋ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተመልሶ መቆም። ፕሮግራሙ 100 ዋት ብሎ ቢያሳያችሁ ቺፑን ብቻ እየለካ ነው፤ የካርዱ ጠቅላላ ፍጆታ 132 ነው። በሰኮንድ የሚሳሉትን ፍሬሞች (ምስሎች) ቁጥርም በሞኒተሩ ልክ ገድቡት፤ ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ 110 ፍሬም ማምረት ሙቀት ከማምረት የተለየ ነገር አይደለም። ከባድ ጌም ላይ ኤፍኤስአር የተባለውን የኤኤምዲ ምስል ማሳደጊያ በኳሊቲ ደረጃ ማብራት ይቻላል፤ በ1080 ስክሪን ጌሙ በ720 ይሳልና ያድጋል። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ግን ብዙ ተጫዋች ያለባቸው ጌሞች ሲንተባተቡ ካርዱን ከመውቀስ በፊት ፕሮሰሰሩን ተመልከቱ፤ እሱ 100 በመቶ ላይ ከሆነ ኤፍኤስአር አያድነውም።

መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ዩፒኤስ ሲመረጥ በቪኤ (ቮልት-አምፔር) ሳይሆን በዋት ይታሰብ። 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ 84፣ ካርዱ 132፣ የተቀረው 40 ቢወስድ 256 ዋት ነው፤ ሞኒተሩ ሲጨመርም ይችለዋል፣ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ለሚበቃ ጥቂት ደቂቃ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ወዲያው በራሱ እንዳይነሳ በማዘርቦርዱ ባዮስ ውስጥ ያለውን ምርጫ አጥፉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ቮልቴጅ ከሁሉ የከፋው ነው።