ጀርባውን ከጀርባዬ ያጋጠመው ልጅ፦ የመጨረሻ ሳምንታት ማስታወሻ ከጎንደር

39ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ልጁ ግን አሁንም ጀርባውን ከጀርባዬ እንዳጋጠመ ነው። በ36ኛው ሳምንት ክትትል ላይ አዋላጅ ነርሷ ሆዴን በሁለት እጇ ስትዳስስ የልጁን ጀርባ አጥታ በምትኩ እምብርቴ ዙሪያ ትንንሽ እጅና እግር ስላገኘች፣ የልብ ምቱንም ከጎኔ በኩል ራቅ ብላ ስለሰማች፣ አቀማመጡን ወዲያው ጠረጠረች፤ አልትራሳውንዱም ጥርጣሬዋን አረጋገጠ። የእንግዴ ልጁ በማህፀኔ የፊት ግድግዳ ላይ መሆኑም በዚያው ታየ፤ ይህ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ አቀማመጥ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የሞከርሁትን የምጽፈው እንደ እኔ ወገባቸውን ይዘው ለሚያድሩ እህቶች ሲሆን፣ በተለይ ማስረዳት የምፈልገው ልጅን የሚያዞር ነገርና እናትን የሚያሳርፍ ነገር አንድ አለመሆናቸውን ነው።

በመጀመሪያ የቤተሰቤን ድንጋጤ ማብረድ ነበረብኝ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ልጁ ተገለበጠ?» አለች፤ ጎረቤቶቻችንም በመቀመጫው የመጣ ልጅ መስሏቸው «በሽልም ያውጣሽ» የሚሉት ከወትሮው በበለጠ ስጋት ሆነ። በመቀመጫው የመጣ ወይም በአግድም የተኛ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእኔው ጭንቅላቱን በአግባቡ ወደ ታች አድርጓል፤ ልዩነቱ ፊቱ ወደ ሆዴ፣ የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ደግሞ ወደ ወገቤ ግርጌ አጥንት መዞሩ ብቻ ነው። ምጥ ሲጀምር ከ100 ፅንሶች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በዚህ አኳኋን ይገኛሉ፤ ሲወለዱ ግን እንደዚያው የሚቀሩት ከ5 እስከ 8 የሚደርሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚዞሩት በምጡ ግፊት፣ ዳሌ ውስጥ እየወረዱ ሳለ ነው። ሳይዞሩ የሚቀሩትም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊወለዱ ይችላሉ፤ ሆኖም ምጡ ሊረዝም፣ በመሣሪያ የመታገዝ ወይም በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሉም ከፍ ሊል እንደሚችል ነርሷ አልደበቀችኝም። እኔም ይህን አስቀድሜ ማወቄን ወድጄዋለሁ።

ልጅን ያዞራል ተብሎ በሰፊው የሚመከረው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ወገብን ቀስ እያደረጉ ማጉበጥና ማቃናት ነው። እኔም ሳሎን ምንጣፍ ላይ ጠዋትና ማታ ማድረግ ጀመርሁ፤ አንዲት እናት ጎረቤታችን ሳያንኳኩ ገብተው ቢያዩኝ «ምነው ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ከስግደት ነፃ ናት አልተባለም እንዴ?» ብለው ገሠጹኝ። ይሁን እንጂ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ተስፋዬን በልኩ የሚያደርግ ነገር አገኘሁ። በአውስትራሊያ ከ2,500 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ነበር፤ ግማሾቹ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ይህንኑ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተመከሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ በየዕለቱ እንዲራመዱ። በወሊድ ጊዜ ጀርባቸውን ወደ እናታቸው ጀርባ አድርገው የተገኙት ልጆች በመጀመሪያው ቡድን 8.1 በመቶ፣ በሁለተኛው 7.8 በመቶ ሆኑ፤ ማለትም እንቅስቃሴው ልጅን በማዞር ረገድ ለውጥ አላመጣም። በምጥ ላይ ሆኖ በእጅና በጉልበት መደገፍ ግን የወገብ ሕመምን እንደሚያቀል ሌላ ጥናት አሳይቷል። እኔ እስከ ዛሬ እንቅስቃሴውን ያልተውሁት ለዚህ ነው፦ ሆዴ ወደ ፊት ሲንጠለጠል ከወገቤ ግርጌ ላይ ሸክም የተነሣልኝ ያህል ይሰማኛል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ማስታገሻ አላገኘሁም። የእጄ አንጓ መታመም ሲጀምር ዘዴዬን ቀየርሁ፤ አሁን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ደረቴንና ክንዴን አልጋው ጫፍ ላይ በደረደርኋቸው ትራሶች ላይ አሳርፋለሁ።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ ጉልበት ከዳሌ በላይ እንዳይሆን የሚለው ምክር በእኛ ቤት ሲታይ በቀጥታ በርጩማውን የሚመለከት ነው። ቡና እየቆላሁ፣ እያፈላሁ፣ እስከ በረካ ድረስ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከፍ፣ ወገቤ ጎበጥ ስለሚል፣ ስነሣ ቀጥ ማለት እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኝ ነበር። አሁን ረከቦቱን ለእህቴ አስረክቤ ከፍ ባለ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሕመሙም በግልጽ ቀንሷል። ልጁ ግን በዚህ ምክንያት ይዞራል ብዬ አልጠብቅም፤ አቀማመጥ ልጅን ያዞራል የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ቢሆንም በጥናት የተደገፈ አይደለም፤ «በደንብ ስላልተቀመጥሽ ነው» እየተባሉ የሚወቀሱ እናቶችም በከንቱ እንደሚወቀሱ አምናለሁ።

በጎን መተኛትን ግን በዚህ ሚዛን አልመዝነውም፤ ምክንያቱ ሌላ ነውና። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ተኝቶ እንቅልፍ መጀመር ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ስለሚያደርግና ልጁ ሞቶ ከመወለድ አደጋ ጋር ስለሚያያዝ፣ ልጁ ቢዞርም ባይዞርም በጎን መተኛት ይገባል፤ ግራም ሆነ ቀኝ ይሆናል። አንድ ትራስ በጉልበቶቼ መካከል፣ አንድ ደግሞ ከጀርባዬ አደርጋለሁ፤ ነቅቼ በጀርባዬ ራሴን ባገኝ ሳልደነግጥ እዞራለሁ።

በእግር መሄድ ይረዳኛል፤ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደውን ቁልቁለት በዝግታ ወርጄ ዛፎቹ ሥር አርፋለሁ። አቀበቱን ለመመለስ ግን ባጃጅ እይዛለሁ፤ በኮብል ድንጋዩ ላይ ያለው መንገጫገጭ ለወገቤ ጥሩ ባይሆንም። ስወጣ ሰፋ ያለ ጨርቅ ከሆዴ ሥር አሳልፌ ወገቤ ላይ ሳላጠብቅ አስራለሁ፤ ዓላማው ሆድን ከሥር መደገፍ እንጂ መጭመቅ አይደለም።

ወደ አንዲት የታወቁ የልምድ አዋላጅ ሄጄ ሆዴን በቅቤ እንድታሽ የመከሩኝ በርካታ ናቸው፤ ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑንም አውቃለሁ። ነርሷን ስጠይቃት «በፍጹም፣ እህቴ» አለችኝ፤ ሆድን በኃይል ማሸት የእንግዴ ልጁን ያለጊዜው ከማህፀን ግድግዳ ሊያላቅቅና ብርቱ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፦ የእንግዴ ልጁ ከፊት ሲሆን የልጁ እርግጫ ደብዘዝ ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ነገር ግን የለመዱት እንቅስቃሴ ከቀነሰ «ከፊት ስለሆነ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለም እንዲሁ።

ልጁን የማዞሩን ሥራ ለምጡ ከተውሁ ወዲህ አብዛኛው ዝግጅቴ ለወገብ ሕመሙ ሆኗል። እንዲህ ያለው ምጥ ከሆድ ይልቅ በወገብ በኩል ጎልቶ ሊሰማ ስለሚችል፣ እየመጣ እየሄደ ጊዜውን ጠብቆ የሚደጋገም የወገብ ሕመምን እንደ ተራ ድካም እንዳልቆጥረው ተነግሮኛል። የልጁ ጭንቅላት የኋላ አንጀትን ስለሚጫንም የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት የማማጥ ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመግፋት በፊት አዋላጇ እንድትመረምረኝ መጠየቅ፣ እስከዚያውም በጉልበት ተንበርክኮ ወይም በጎን ተኝቶ አጫጭር ትንፋሽ መተንፈስ ነው።

የሚያግዘኝ ሰው ማድረግ ያለበትንም በቤታችን ተለማምደናል። ምጡ ሲመጣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው የመዳፍ ክፍል የወገብን ግርጌ አጥንት አጥብቆ መጫን፣ ሲሄድ መልቀቅ፤ ወይም ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ዳሌዎች በሁለት መዳፍ ወደ መሐል መግፋት። በሞቀ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣም ወገብ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ቆዳ እንዳያቃጥል መጀመሪያ በራስ ክንድ ላይ መሞከር አለበት። ባለቤቴ ጉልበት ቢኖረውም ግፊቱን ከፍ አድርጎ መሐል ወገቤ ላይ ያሳርፈዋል፤ እህቴ ግን ቦታውን ሳልነግራት ታገኘዋለች። የምወልድበት ቦታ አብሮኝ እንዲገባ የሚፈቅደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እሷ እንድትገባ ወስነናል፤ እሱም ተስማምቷል፤ ሆኖም ምሽት ምሽት መለማመዱን አልተወም፤ እኔም አልከለከልሁትም።