ቤቱ የበላውን ሽሮ መጻፍ እስክጀምር ድረስ

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። በ3ኛው ቀን ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ልኬ፣ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ደብተሬን ዘርግቼ የነሐሴን ሒሳብ ስደምር ስቀንስ ዋልኩ። ፍልሰታ ከዐቢይ ጾም ቀጥሎ ትልቁ ገበያዬ ነው። በዚያ ወር 70 ኪሎ ሽሮ አስፈጭቻለሁ። ጆንያው ባዶ ሆኗል። ቴሌብሬ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን ለሚቀጥለው ዙር አተር መግዣ እንኳ አይበቃም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያልከፈለ ደንበኛ ነው። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ስቆጥር የተሸጠው 58 ኪሎ ሆነ፤ ሁሉም ተከፍሏል። 12 ኪሎ የት ገባ? ቁጭ ብዬ ማስታወስ ጀመርኩ። የባለቤቴ አክስት ሊጠይቁን መጥተው ሲሄዱ ቋጥሬ ሰጥቻቸዋለሁ። እህቴ “እስኪ አቅምሺኝ” ብላ ሁለት ጊዜ ወስዳለች። ጎረቤቴ እንግዳ ድንገት መጥቶባት አንድ ሳህን ወስዳለች። እኛ ራሳችን አምስት ሆነን ጾሙን በሙሉ የበላነው ከዚያው ጆንያ እየዘገንን ነው። ማንም አልሰረቀኝም። ቤቴ ነው የበላው፤ እኔ ደግሞ አልጻፍኩትም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ትልቁ ችግሩ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ይበላዋል። እህሉን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ገንዘቡንም ይበላል፤ የሚበላውም በፍቅር ስለሆነ አይታይም።

ሥራውን የጀመርኩት በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው። እሠራበት የነበረው ድርጅት ቅርንጫፉን ሲዘጋ ከቢሮ ወጣሁ፤ በእጄ የነበረው የደረሰኝ ዕቁብ 12 ሺህ ብር ነበር። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱቅ መከራየት የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሮ ስለነበር የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በስልክ መክፈል ለምደው ነበር። ያ ባይሆን ኖሮ ለ2 ኪሎ ሽሮ ሒሳብ ስል ከተማውን ስዞር በዋልኩ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ፤ መጀመሪያ ያስገባኋቸው የድሮ የሥራ ባልደረቦቼንና የልጆቼን ጓደኞች እናቶች ነው፤ 43 ሰው።

ሽሮ ማዘጋጀት የተማርኩት ከእናቴ ነው። ዋጋ ማውጣት ግን እናቴም አታውቅም፤ እሷ ለቤቷ እንጂ ለገበያ አዘጋጅታ አታውቅም። 10 ኪሎ አተር የገዛ ሰው 10 ኪሎ ሽሮ አያገኝም። ሲለቀም ጠጠሩና የነቀዘው ይወጣል። ከታጠበና ከተነከረ በኋላ ይሰጣል፣ ይታመሳል፣ ሲከካ ልጣጩ ይሄዳል፤ ሲነፋ ደግሞ ዱቄቱ ይበናል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላውና ነጭ አዝሙዱ ጥቂት ክብደት ቢመልሱለትም በእኔ እጅ ከ10 ኪሎ የሚወጣው 8 ኪሎ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት አሥሩ አሥር ሆኖ እንደሚወጣ አድርጌ ዋጋ ተመንኩ። ለለቀማው ሁለት ቀን፣ ለማመሱ ግማሽ ቀን፣ ለወፍጮ ተራው ግማሽ ቀን አልቆጠርኩም። ለራሴ ያልከፈልኩት ደመወዝ ለደንበኛው ቅናሽ ሆኖ ሄዷል።

አሁን ስልኬ ላይ ባለው ጎግል ሺት እያንዳንዱ ዙር የራሱ ገጽ አለው። የገባው እህል፣ የወጣው ሽሮ፣ የቅመሙ፣ የወፍጮው፣ የላስቲኩ፣ የትራንስፖርቱ፣ የእኔም የሥራ ሰዓት ይመዘገባል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲከፈትልኝ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ያም ሆኖ የወረቀት ደብተሬን አልጣልኩም። እጄ በበርበሬ ተነክሮ ስልክ መንካት አልችልም፤ ማታ እጄን ታጥቤ ወደ ስልኩ እገለብጠዋለሁ።

በርበሬን በተመለከተ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን በርበሬ ያመስኩት እቤቴ ምድጃ ላይ ነው። መስኮት ከፍቻለሁ ብዬ ነበር። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ልጅ አስም አለበት፤ ሌሊቱን ሲያስል ተሰማኝ። ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት “ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ ልጁን እናቴ ጋ እወስደው አልነበር?” አለችኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ሰኞ ሰኞ የነዋሪው የጋራ መገልገያ በሆነው ኮሚናል ውስጥ ነው የማምሰው፤ የብሎካችን ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ከአንድ ቀን በፊት እጽፋለሁ። የማረቆ በርበሬዬንም አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከጥቅምት ወዲህ ገዝቼ አስቀምጣለሁ። በክረምት በርበሬ አድርቃለሁ ማለት ሻጋታ መጥራት ነው።

ወፍጮ ቤት በማለዳ ተራ ይዤ እገባለሁ። ከእኔ በፊት የተፈጨው እህል ወፍጮው ውስጥ ስለሚቀር አንድ ኪሎ ያህል ርካሽ እህል ይዤ ሄጄ መጀመሪያ እሱን አስፈጫለሁ፤ ዱቄቱን ዶሮ ለሚያረባ ጎረቤት እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ይህን በስልኬ ቀርጬ ቻናሉ ላይ ለቀቅኩት። በሚያማምሩ ሳህኖች አስጊጬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ይልቅ የታየው ያ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ሆነ። ሰው በርበሬና ሽሮ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማሳመሩን ትቼ ሥራውን ማሳየት ጀመርኩ። ነቀዙን፣ ጠጠሩን፣ የተጣለውን ሁሉ።

የገበያዬ ንጉሥ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሽሮ ከጾም በፊት ይፈለጋል፣ በርበሬ ከበዓል በፊት ይፈለጋል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1፤ እነዚህ አይንቀሳቀሱም። ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ግን በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ በመስከረም ላይ አጣርቼ ጎግል ካላንደር ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ ከ3 ሳምንት በፊት እንዲያስታውሰኝም አዘዋለሁ። ለሙስሊም ደንበኞቼ የሾርባ አጃ ስለማዘጋጅ ረመዳንንም እንዲሁ። የማደርሰው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሽሮው ለረቡዕና ለዓርብ ጾም እንዲደርስ። በሌላ ቀን ሞተረኛ አልጠራም። ይህን ስወስን ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይልቁንም ሰው ቀኑን ለምዶ ሰኞ ማታ ማዘዝ ጀመረ።

ከሁሉ የከበደኝ ዐቢይ ጾም 2015 ነው። የካቲት 13 ይገባ ነበር፤ በዋዜማው ሳምንት የ85 ኪሎ ትእዛዝ ተቀበልኩ። የመጣውን ሁሉ “እሺ” እያልኩ። መብራት ለሁለት ቀን ጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ሲመለስ ሌሊት አስፈጭቼ፣ ገና ትኩስነቱ ሳይወጣለት ላስቲክ ውስጥ አሸግኩት። ሙቀቱ ላስቲኩ ውስጥ ወዝቶ ሽሮው ተጓጎለ፤ በሳምንቱ መሽተት ጀመረ። 9 ሰዎች ደወሉልኝ። አንዲት እናት “ልጄ፣ ተበላሽቷል ብዬ ለሰው አልናገርብሽም፤ አንቺ ግን እወቂው” አሉኝ። ዘጠኙንም ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ሳይደውሉ የቀሩት ምን ያህል እንደሆኑ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቆረጥኩ። ሽሮ ከወፍጮ ከመጣ በንጹሕ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሳያድር አይታሸግም። በሳምንት ከ30 ኪሎ በላይ ትእዛዝ አልቀበልም፤ ሲሞላ ቻናሉ ላይ “የዚህ ሳምንት ሞልቷል” ብዬ ለጥፌ እዘጋለሁ። እጄ “እሺ” ብሎ ሊጽፍ ሲል መከልከሉ በማለዳ ከመነሣት በጣም ይከብደኛል።

ክፍያ ላይም ተቃጥያለሁ። አንድ ሰው 4 ኪሎ በርበሬ አዝዞ የከፈለበትን ስክሪንሾት ላከልኝ፤ እኔም ለሞተረኛው አስረከብኩ። ማታ ሒሳቡን ስፈልገው የለም፤ ሥዕሉ የተቀባባ ነበር። ስልኩም ዝግ ነው። አሁን የቴሌብር መተግበሪያዬን ከፍቼ ገንዘቡ መግባቱን በዓይኔ ሳላይ ምንም ነገር ከበር አይወጣም። ለቅርብ ዘመድ ሳይቀር እንደዚያ ነው። ዘመድ ያኮርፍ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ያኮረፈ የለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ከቢሮ ስወጣ በጎረቤት ዓይን ሥራ ፈት ሆንኩ። “ቤት አይደለሽ እንዴ? ነይ ቡና ጠጪ” ይሉኛል። ከአቦል እስከ በረካ ሲባል ረፋዱ ያልቃል። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ አልፈልግምም፤ ታምሜ የሚያስታምሙኝ እነሱ ናቸው። ያደረግኩት የቡናውን ሰዓት ማዛወር ነው። ቀኑ 9 ሰዓት ላይ እኔው ቤት አፈላለሁ፣ እነሱ ይመጣሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ግን ሻሼን አስሬ፣ ሽርጤን ለብሼ እሠራለሁ፤ ሽርጡን ያየ ልጅ እንኳ “እማ ሥራ ላይ ናት” ይላል። ለቅሶን በተመለከተ ሰዓት የለኝም፤ እሄዳለሁ። ለደንበኞቼ “ለቅሶ ስላለብኝ የዛሬው ትእዛዝ ሐሙስ ይደርሳል” ብዬ እጽፋለሁ፤ እስካሁን የተቆጣ ሰው አላየሁም። ሥራችሁን ከሁሉ አስቀድሙ የሚለው ምክር እኛ ሰፈር አይሠራም፤ እንዲሠራም አልመኝም።

ሌሊቱን የሚበሉት ደግሞ ከአሜሪካ የሚጽፉልኝ ናቸው። ዋሽንግተን ያለች ሴት ከሥራዋ ወጥታ ስልኳን የምታነሣው እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ወደ አሜሪካ የሚመለስ መንገደኛ ስላለ ሻንጣ የሚሞላ ሽሮና በርበሬ ይፈልጋሉ፤ ጥሩ ገበያ ነው። ስልኩ በተንጫረረ ቁጥር እየተነሣሁ ስመልስ ጠዋት እህል ስለቅም ዓይኔ ይከደን ጀመር፤ ጠጠር አልፎኛል፤ ደንበኛም ነግራኛለች። ለእነሱ ዋትስአፕ ቢዝነስ ከፍቼ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ራሱ እንዲመልስ አደረግኩት። ዋጋው፣ ያለው ዓይነት፣ “ጠዋት እመልሳለሁ” የሚል ቃል። ስልኩም ሳሎን ነው የሚያድረው።

ዋጋ ማስተካከልንም ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የማሸጊያ ላስቲኩ ዋጋ ወዲያው ተነሣ፤ እኔ ግን ደንበኞቼን አፍሬ ለሁለት ወር በድሮው ዋጋ ሸጥኩ። አሁን ዋጋ ስለጥፍ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና አብሬ እጽፋለሁ።

ከዚያ ጳጉሜን በኋላ ሌላ ሲም ካርድ አወጣሁና የንግዱን ቴሌብር ለየሁት። የሽንኩርት መግዣም የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያ አይነካም። ወር በገባ በ30 ለራሴ ደመወዝ እልካለሁ፤ ትንሽ በሆነበት ወርም ትንሿን። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቤቱ ሽሮ የሚቀመጥበት የተለየ ጣሳ አለ። እሑድ እሑድ ከንግዱ መዝኜ እሞላዋለሁ፣ ባለቤቴ ሒሳቡን ወደ ንግዱ ይልካል። መጀመሪያ “ከገዛ ሚስቴ ሽሮ ልግዛ?” ብሎኝ ነበር፤ የነሐሴን ደብተር ሳሳየው ዝም ብሎ ላከ።

ጳጉሜን ደግሞ የቆጠራ ወር ሆናለች። ሥራ ዘግቼ ጆንያ አራግፋለሁ፣ ሚዛን አስፈትሻለሁ፣ ጎግል ሺቱን ከመደርደሪያው ጋር አመሳክራለሁ። ሺቱ ውስጥ “ቤት የበላው” የሚል ዓምድ አለ፣ “ስጦታ” የሚል ሌላ ዓምድ። እናቴ ባለፈው ስትመጣ ግማሽ ኪሎ ቋጥሬላት ስልኬን ሳነሣ አይታ “ይኼንንም ትጽፊዋለሽ?” አለችኝ። “አዎ እማዬ” አልኳት። ጥቂት አሰበችና “እንግዲያውስ አንድ ኪሎ አድርጊውና ጻፊው” አለች። ጨመርኩላት። የዋጋው ቦታ ላይ 0፣ የኪሎው ቦታ ላይ 1።