ሦስት ጨረቃ

ዛሬ ሲመሽ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያቱን አላውቀውም። መብራት አጥፍቼ መስኮቱ ጋ ቁጭ አልኩ። ጨረቃ ሙሉ ናት። ለእኔ ሦስት ሆና ነው የምትታየኝ፤ አንዷ ደመቅ ያለች፣ ሁለቱ ከሥሯ የተጎተቱ። እህቴ «እንዴት ታምራለች!» አለች። «አዎ» አልኩ። የእውነቴን ነው።

እሷ ተኛች፣ እኔ ስለ ኮርኒያዬ፣ ማለትም ስለ ዓይኔ የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ማሰብ ጀመርኩ። ጤነኛ ኮርኒያ እንኳ መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም። ኬራቶኮነስ የሚባለው ሕመሜ ይህንኑ ስስ ነገር ይባስ ያሳሳውና እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይገፋዋል። የእኔ ሲጀምር መነጽሬ የቆሸሸ መስሎኝ ስንቴ ጠረግኩት።

ሕመሙ እንዳይብስ ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና ተደርጎልኛል። የላይኛው ሽፋን ተነሳ፣ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ገባ፣ ከዚያ የአልትራቫዮሌት ብርሃን። ኮርኒያው የተሠራበት ፕሮቲን፣ የኮላጅን ክሮቹ ይተሳሰሩና ኮርኒያው ይጠነክራል። «የቀረሽን እናቆይልሽ» ነበር ያለችኝ ሐኪሟ። ቆይቶልኛል፣ ተመስገን። የሳሳው ግን እንደሳሳ ነው።

ለዚህ ነው ያንን ጥናት ደጋግሜ የማነበው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሳማ ቆዳ ኮላጅን አጣርተው እንደ መስተዋት የጠራ ስስ ሽፋን ሠሩ። ሕንድና ኢራን ውስጥ ኬራቶኮነስ የጠናባቸው 20 ሰዎች ኮርኒያ ውስጥ በትንሽ ስንጥቅ አስገቡት። ያለ ስፌት። ከ20ዎቹ 14ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነሱ ዓይነ ስውር ሆኖ የቀረ አንድም ሰው የለም። እዚች መስመር ላይ ስደርስ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። በሌላ ጥናት ደግሞ ከታማሚው ከራሱ ስብ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) ወስደው ኮርኒያው ውስጥ የሞከሩም አሉ።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የራስ ኮርኒያ ባለበት መቅረቱ ነው። በተለመደው ንቅለ ተከላ የታመመው ይቆረጥና የሟች ለጋሽ ኮርኒያ ይተካል። ትልቅ ስጦታ ነው፤ ስንቱን አይቶ እንዲያድር አድርጓል። እዚህ ግን የሳሳው ላይ ይጨመርበታል እንጂ አይወሰድም።

ለዚህ ለከዳኝ ኮርኒያ እንዲህ የምሳሳው ለምንድን ነው? ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በእሱ ስለሆነ ይመስለኛል። አባዬንም ያየሁት በእሱ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፊቱን ሳየው ዳር ዳሩ ጥላ ነበረው፤ ዓይኖቹ ድርብ ነበሩ። ያኔ ገና ሌንስ አልጀመርኩም። ሲስቅ ጉንጩ ላይ የሚወጣውን መስመር አንድ ይሁን ሁለት ለይቼ አላውቀውም።

አንድ ቀን የእኔም ተራ ደርሶ ኮርኒያዬ ቢሞላ ከዚያ ወዲያ የማየው ሁሉ ይጠራል። በሐሳቤ የያዝኩት የአባዬ ፊትስ? እንዲያ ሆኖ የቀረኝ እሱ ነው ወይስ የኮርኒያዬ ጥላ?