11 ሰው፣ 11 ፊርማ

ክፍላችን ውስጥ 11 ነን። የታሪክ ተማሪዎች። አገሩ ሁሉ አካውንቲንግና ኮምፒውተር ሲማር እኛ ስለ ዘመነ መሳፍንት ስንጨቃጨቅ እንውላለን። የክፍሉ አንድ መስኮት ተሰብሯል፤ ካርቶን ለጥፈንበታል። የሐምሌ የደሴ ብርድ በካርቶኑ ጥግ ሾልኮ ይገባና መሀላችን ይቀመጣል። እሱን ከቆጠራችሁት 12 ነን። ቀርቶ የማያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

11 መሆን ክፉ ነገር ነው። 200 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ብትቀር ማን ያይሃል? እኛ ጋ ግን አንዱ ሲያስነጥስ አሥራችንም «ይማርህ» እንላለን። ቲቸራችን ደግሞ በአቴንዳንስ ቀልድ አያውቁም። ከመቶ 80 ያልተገኘ ፈተና አይቀመጥም። የእኔ ሂሳብ ያን ሰሞን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደሴ ውስጥ ክረምት ላይ ጠዋት ከብርድ ልብስ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ከመሀላችን አንዱ ኮምቦልቻ አክስቱ ቤት ነው የሚኖረው። ስሙን ትተን «ኮምቦልቼው» እንለዋለን። በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ያንኑ ይመለሳል። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ ልጁ ከቤቱ በቲሸርት ይወጣል፣ ሐረጎ ላይ ሹራቡን ያጠልቃል፣ ደሴ ሲወርድ ጃኬቱን እስከ አገጩ ይዘጋል። ሐረጎን በክረምት የሄደባት ያውቃታል። ጠመዝማዛው አልበቃ ብሎ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። ተሳፋሪው ግማሹ «ቢስሚላህ»፣ ግማሹ «በስመ አብ» ይላል።

ያን ዕለት ክላስ 2:30 ላይ ነበር። 2:45 ሆነ፣ ቲቸር የሉም። እሳቸው እንኳንስ ሊያረፍዱ፣ እኛ ስንገባ ጥቁር ሰሌዳውን ጠርገው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። የክፍል ተጠሪያችን «እስኪመጡ አቴንዳንሱን እንጨርስ» ብላ ልሙጥ ወረቀት አዞረች። ስም ትጽፋለህ፣ አጠገቡ ትፈርማለህ።

ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ስልኬ ነዘረ። ኮምቦልቼው ነው።

«የት ነህ?» አልኩት።

«ሐረጎ። ጉም ብቻ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም። ሚኒባሱ እየዳኸ ነው። ፈርምልኝ በናትህ!»

«ቲቸር ቢያዩስ?»

«የትኛው ቲቸር? እሳቸው እንደሆነ ያለ መነጽር ዝሆንም አያዩ! ዝም ብለህ ፈርም።»

የጓደኛ ነገር። ስሙን ጻፍኩለት። ፊርማውን ግን አይቼው አላውቅም። ከራሴ ፈጠርኩለት። አንድ ትልቅ ቀለበት፣ ከመሀሉ የሚወጣ እንደ ጅራፍ የተጠቀለለ ጭራ፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ። የባንክ ገዢ ፊርማ አስመሰልኩት። እውነቴን ነው፣ የእኔ ፊርማ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ትንሽ ራቅ አድርጌ አየሁት፣ ደስ አለኝና ወረቀቱን ወደ ኋላ አሳለፍኩት።

ተጠሪዋ ወረቀቱ ሲመለስላት በእስክሪብቶዋ እየነካች ቆጠረች። «አሥራ አንድ! ሙሉ ነን» አለች። አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ እንዴት ሙሉ እንደሆንን የጠየቀ የለም። የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ሂሳብ የእኛ ዲፓርትመንት አይደለም።

3:10 ላይ በሩ ተከፈተ። ቲቸር ናቸው። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል፣ በሻርፕ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከኋላቸው ኮምቦልቼው ቦርሳቸውን ተሸክሞ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑን ያፈጥብኛል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቅብኛል፣ ከንፈሩን ይነክሳል። ምስጋና መሰለኝ። «ችግር የለም፣ ጨርሼልሃለሁ» ለማለት አውራ ጣቴን አነሣሁለት። ዓይኑን ጨፈነ።

ቲቸር ማታ ለቅሶ ደርሰው ኮምቦልቻ አድረው ነበር ለካ። የተሳፈሩት በዚያው ሚኒባስ ነው። ጋቢና። ኮምቦልቼው ደግሞ ልክ ከጀርባቸው ያለው ወንበር ላይ ነበር። በኮፍያና በሻርፕ የተጠቀለሉትን ሰውዬ የእህል ነጋዴ ነው ብሎ አልፏቸዋል። የዝሆኗን ነገር ያወራው ከጆሯቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ደሴ መናኸሪያ ሲወርዱ ብቻ ዞር ብለው፣ «ና፣ ይቺን ቦርሳ ያዝልኝ። ያለ መነጽር መንገዱ አይታየኝም» አሉት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የማውቀው ነገር የለም።

የዕለቱ ርዕስ የውጫሌ ውል ነበር። ነገር ሲገጣጠም! ውጫሌ ደግሞ ጎረቤታችን ናት፤ ከደሴ ሐይቅን አልፈህ ወደ ወልድያ ስትሄድ ታገኛታለህ። ቲቸር ረጋ ብለው አስተማሩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.። በአንድ ወገን ምኒልክ፣ በሌላው አንቶኔሊ። አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ቢፈልጉ ነው። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚያች ልዩነት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ጠቡ ዞሮ ዞሮ አድዋ ላይ ደረሰ።

«እንግዲህ» አሉ ቲቸር፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «አንድ ውል ሁለት መልክ ሲኖረው ምን እንደሚመጣ አያችሁ። እስቲ አቴንዳንሱን አምጪው።»

መነጽሩን አደረጉት። እኛን ቆጠሩ፤ 11። ወረቀቱን ቆጠሩ፤ 11።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉና ስም መጥራት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ኮምቦልቼውን ጠሩት። «አቤት» አለ። ቀጠሉ። ዘጠነኛው ላይ ኮምቦልቼውን ጠሩት።

ዝም አለ።

ጥንቁቅ ልጅ ነዋ! እኔን አላመነኝም፤ ስልኩን እንደዘጋ ከኋላዬ ለምትቀመጠው ልጅ ደውሎላታል። እሷም ፊርማውን አታውቀውም፤ እሷም ፈጥራለታለች። የእሷ ቀጥ ብሎ እንደ አጥር የቆመ ነገር ነው።

ቲቸር ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። «ይኼኛው የአማርኛው ነው እንበል። ይኼ ቀለበቱ የጣሊያንኛው። ና እስቲ፣ ዋናውን አሳየን።»

ኮምቦልቼው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ፈረመ። ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። ለነገሩ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ፊርማ ነው፤ የእኔ በጣም ይሻለው ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ ነው ቲቸር ወደ እኔ የዞሩት።

«አንተ ምን ያስቅሃል? አንተ እኮ የለህም።»

«አቤት?»

«11 ሰው፣ 11 ስም፣ እሱ ሁለት ጊዜ። አንዱ የት ሄደ?»

ወረቀቱን አየሁት። ያን ጅራፍ ስጠቀልል፣ ያን ሁለት ነጥብ ሳስቀምጥ፣ የራሴን ስም ረስቼዋለሁ።

«ቲቸር፣ ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«ወረቀቱ የለህም ይላል።»

ነገር ከእጄ ሲያመልጥ አፌ አያርፍም። «ቲቸር፣ የጣሊያንኛው ላይ ነው የሌለሁት፤ አማርኛው ላይ አለሁ» አልኩ። ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ስቀዋል፤ እምላለሁ ስቀዋል።

«ምኒልክም ውሉን ያፈረሱት በደብዳቤ ነው» አሉ። «1885 ላይ። አንተም በጽሑፍ አመልክት። ስለ አንቀጽ 17 አራት ገጽ፣ በእጅ። እስከዚያ የለህም። የሌለ ሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።»

ወጣሁ። ካፊያ አለ። ጃኬቴ ክፍል ውስጥ ቀርቷል፤ ለመውሰድ ልመለስ ብል የለሁም። በር ላይ ያሉት የቡና እናታችን ሲያዩኝ ከሰሉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «እና አሁን ቡናውን የሚጠጣው ማነው? አንተ ነህ ያኛው?»

«ሒሳቡን በእሱ ያድርጉት» አልኩ። ሦስት ስኒ ጠጣሁ።

አራቱን ገጽ ጽፌ አስረከብኩ፤ አቴንዳንሱም ተስተካከለልኝ። ሰኞ ጠዋት 2:35 ላይ ስልኬ ነዘረ።

«ሐረጎ ነኝ፣ ጉም…» አለ ኮምቦልቼው።

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ጋቢናውን እይ።»