ከኮሎራዶ እስከ ኒው ሜክሲኮ፦ ሁለት ዓይነት አሸዋ

አዲስ አበባ ውስጥ በሕንፃ ግንባታ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ከላንጋኖም ሆነ ከመተሐራ ተጭኖ የሚመጣውን አሸዋ በውኃ በጥብጠን ደለሉን እንለካ ነበር፤ ከ6 በመቶ ከበለጠ ይታጠባል፣ አለዚያም ይመለሳል። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ለማንሣት ጊዜ አልነበረም። ግንቦት ሲያልቅ ከምኖርባት ከኮሎራዶዋ አውሮራ ወደ ደቡብ የነዳሁት ግን አሸዋ ከምን ድንጋይ እንደሚገኝና ምን እንደሚያከማቸው በዓይኔ ለማየት ነው።

እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ያለው የግሬት ሳንድ ዱንስ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ነው፤ ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ የሚረዝሙት የአሸዋ ኮረብቶች እዚህ ናቸው፤ ትልቁ 226 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አብዛኛው አሸዋ ከምዕራብ፣ ከሳን ሁዋን ተራሮች እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ተሸርሽሮ የመጣ ሲሆን ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ማዕድንም በብዛት ይገኝበታል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋውን ወደ ሳንግሬ ዴ ክሪስቶ ተራሮች ይገፋዋል፤ ከተራሮቹ በኩል የሚነሣው ማዕበላዊ ነፋስ ደግሞ መልሶ ስለሚገፋው ክምሩ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ ያድጋል። እዚህም እዚያም ጥቁር ሆኖ የሚታየው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ነው፤ የያዝሁትን ትንሽ መግነጢስ ሳስጠጋው ቅንጣቶቹ ተንጠላጠሉበት፣ አራግፌም እዚያው መለስኋቸው። ከሁሉ ያስደሰተኝ ሜዳኖ የተባለው ወንዝ ነበር። ውኃው ከሥሩ አሸዋ እየከመረ ትንንሽ ግድቦች ይሠራል፤ ግድቡ ሲፈርስ ሞገድ ይለቀቃል፤ ልጆች በዚያ ሞገድ ሲንሳፈፉ አየሁ። ጫማዬን አውልቄ ሽቅብ ልጀምር ስል ከላይ የሚወርዱ አንዲት አረጋዊት አስቆሙኝና በበጋ ቀትር የአሸዋው ገጽ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚግል ነገሩኝ፤ የተረፋቸውንም ውኃ ካልወሰድህ ብለው ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከአገሬ ውጭ ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም።

ያደርሁበት የመንገድ ዳር ሆቴል ግን አሳዘነኝ፤ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ እንቅልፍ ነሣኝ፣ ጠዋት ደግሞ ያልተነገረኝ 20 ዶላር ከሂሳቡ ላይ ተጨምሮ አገኘሁት። ሁለተኛው መድረሻዬ ዋይት ሳንድስ አጠገቧ ወደሚገኝ የኒው ሜክሲኮ ከተማ፣ ወደ አላሞጎርዶ፣ ያለው መንገድ ረጅምና አድካሚ ነው።

ጂኦሎጂስቶች ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቅንጣት፣ ማዕድኑ ምንም ይሁን ምን፣ አሸዋ ብለው ይመድቡታል። ዋይት ሳንድስ የሚገኘው 710 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነጭ አሸዋ ኳርትዝ ሳይሆን ጀሶ ነው፤ በዓለም ትልቁ የጀሶ አሸዋ መስክም ይኸው ነው። ጀሶ በውኃ ስለሚሟሟ ወንዞች ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ይወስዱታል። ዋይት ሳንድስ ያለበት የቱላሮሳ ሸለቆ ግን ለውኃ መውጫ የለውም፤ ከዙሪያው ተራሮች ጀሶ አሟሙቶ የወረደው ውኃ በሉሴሮ ሐይቅ ይጠራቀምና ሲተን ጀሶው ክሪስታል ሆኖ ይቀራል፤ እርሱን ነፋስና ውርጭ ሰባብረው አሸዋ ያደርጉታል። ኳርትዝ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ጀሶ 2 ብቻ ስለሆነ በጥፍር ይጫራል። መግነጢሴ እዚህ ምንም አላነሣም። በቀትር በባዶ እግሬ ስሄድ አሸዋው እንደ ሊጥ ቀዘቀዘኝ፤ ነጭነቱ ብርሃኑን ይመልሳል፣ የከርሰ ምድሩም ውኃ ቅርብ ስለሆነ እርጥበት አይለየውም። ነፋስ ጠራርጎ እንዳይወስደው የሚይዘውም ይኸው እርጥበት ነው።

በግንበኛ ዓይን ስመለከተው ይህን ያህል ያማረ አሸዋ ለኮንክሪት ፈጽሞ አይሆንም። ሲሚንቶ ሲመረት ቶሎ እንዳይደርቅ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል፤ ሲበዛ ግን በጀሶው ውስጥ ያለው ሰልፌት የተባለ ንጥረ ነገር ኮንክሪቱን አሳብጦ ያሰነጥቀዋል። የኮሎራዶውም ቢሆን ነፋስ እያፋጨ ያሞለሞለው ስለሆነ፣ ከወንዝ ወጥቶ ጠርዙ ያልጠፋው አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር የሚያያዘውን ያህል አይያያዝም።