ከሲያትል ይዤው የመጣሁት መደብ

ሲያትል በኖርኩባቸው ዓመታት “የኔ” የምለው መሬት ከአንድ መኝታ ክፍል አይሰፋም ነበር፤ እርሱም ቢሆን የኪራይ ነው። ከተማው ፒ-ፓች በሚባለው ፕሮግራሙ ለነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ያከራያል። ፕሮግራሙ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፒካርዶ የተባለ የጣሊያን ዝርያ ያለው ቤተሰብ ያርሰው በነበረ ማሳ ላይ ሲሆን፣ በስሙ ውስጥ ያለችው “ፒ” የተወሰደችውም ከዚያ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። በብዙዎቹ ቦታዎች ተራ ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው፤ ኬሚካል መርጨት ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ተከራይ ከራሱ መደብ በተጨማሪ ለጋራው ሥራ ጉልበት ያዋጣል። እኔ ጎመንና ጤና አዳም አበቅልበት ነበር። በሶብላው ግን ብርዱን አልቻለውም።

ወደ አዳማ ስመለስ ከወላጆቼ ቤት ፊት ለፊት ያለው ክፍት ቦታ ልጅ ሳለሁ ትቼው እንደሄድኩት ጠበቀኝ። የተለወጠ ነገር ቢኖር የቆሻሻው ዓይነት ነው፤ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ከፈረሰ ቤት የተጣለ ፍርስራሽ። እንደ ሲያትሉ ሠፈርተኛው የሚካፈለው የአትክልት ቦታ እናድርገው ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ የደረሰኝ የመጀመሪያ ምላሽ “ዲያስፖራዋ መሬት ልትይዝ ነው” የሚል ሐሜት ነበር። አላስከፋኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ ቀድሞ ያጠረ ሰው ባለቤት ሲሆን በታየበት አገር ሐሜቱ መሠረት አልባ አይደለም።

ነገሩን የፈታው እድሩ ነው። በወር መዋጮ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥያቄው በእኔ ሳይሆን በእድሩ ስም እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረቡ፤ ቤት እንደማንሠራበት፣ ቋሚ ዛፍ እንደማንተክልበትና ቦታው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ያለ ክርክር እንደምንለቅ ጽፈን ፈረምን። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተንከራተተ አራት ወር ፈጀ። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት አባወራዎች ዕጣ ተጣጥለን መደብ ተከፋፈልን።

እኔ ታዲያ እውቀቴን ይዤ ገባሁ። አናጢ ቀጥሬ ቁመታቸው ከጉልበት የሚደርስ የጣውላ ሣጥኖች አሠራሁና አፈርና ፍግ ሞላሁባቸው። ሲያትል ውስጥ እንዲህ ያለው ከፍ ያለ መደብ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንደኛው፣ ከመጸው እስከ ጸደይ በሚዘልቀው ዝናብ የረሰረሰው አፈር ከመሬት ከፍ ሲል ቶሎ ይጠነፍፋል፣ ቶሎም ይሞቃል፤ ሁለተኛው፣ የድሮ ቤቶች ቀለምና የድሮ ቤንዚን በከተማ አፈር ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ትተው ስላለፉ ንጹሕ አፈር ከላይ ማምጣት ይመረጣል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ያላሰብኩት ነፋሱን ነው።

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ በአካባቢዋ ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው፣ ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። የኅዳር ነፋስ ሣጥኖቼን ከላይም ከጎንም አገኛቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ጠዋትና ማታ ከሮቶ እየቀዳሁ ባጠጣም፣ ቀትር ላይ ጎመኑ አንገቱን ይደፋል። በሦስተኛው ሳምንት፣ በአጠገቤ ያለው መደብ የደረሳቸውና ከከተማው ውጪ በእርሻ ያደጉት እማማ ቆመው አዩኝና “ልጄ፣ አፈሩን ሰቅለሽ ለነፋስ ሰጠሽው እኮ” አሉኝ።

የእርሳቸው መደብ የእኔ ተቃራኒ ነበር። አንድ ስንዝር ወደ ታች ቆፍረው፣ የወጣውን አፈር ዙሪያውን እንደ ክትር ከምረው፣ ከጋሪ ፈረሶች ያመጡትን ፍግ አብልተው ጎድጓዳው ውስጥ ተከሉ፤ ላዩን የጤፍ ጭድ ጎዘጎዙበት። ነፋሱ በላዩ ያልፋል እንጂ አይገባበትም፤ የፈሰሰው ውሃም መሄጃ የለውም። እኔ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ሳፈስ እርሳቸው ያንኑ በሦስት ቀን አንዴ ያጠጡ ነበር። ሣጥኖቹን ነቅዬ ቆፈርኩ።

ቲማቲሙ ሌላ ጣጣ ነበር። ቱታ አብሶሉታ የሚሉት ቅጠል ቦርቧሪ ተባይ ገባበትና ወጣቶቹ እንርጭ፣ እኔ ደግሞ የሲያትሉን ደንብ ይዤ አንርጭ ስንባባል ቅጠሉ አለቀ። ለአንድ ወቅት ቲማቲም ላለመትከል ተስማማን።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ተራው የእማማ ሆነ። ዝናቡ ጎድጓዳውን ሞልቶ ሽንኩርታቸውን አበሰበሰው። ቦቲ ጫማ አድርገው ውሃውን በጣሳ እየጨለፉ “ያንቺ ሣጥን የት ሄደ?” ብለው ሳቁብኝ። ጣውላው ግን በጋውን በዋርካው ሥር አግዳሚ ወንበር ሆኖ ነበር፤ እድርተኞቹም ተቀምጠውበታል፣ ተነሡ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ያለ ጣውላ፣ በአፈሩ ብቻ መደቡን ከፍ አደረግን። አሁን ሰኔ ሲገባ አፈሩን ወደ ላይ እንከምራለን፤ መስቀል ሲያልፍ መልሰን ወደ ታች እንቆፍራለን።